ከግንቦት እስከ ጥቅምት፦ ባሕር ዳር ውስጥ የስድስት ውሻ መጠለያ የሥራ ማስታወሻ

ግንቦት 24

የምንይዘው ቁጥር ተቆረጠ፦ በሦስት ግቢ 6 ትልልቅ ውሾች፣ ወይም 4 ትልልቅና አንዲት እናት ከነቡችሎቿ። ሁለቱ ግቢ ሽምብጥ፣ አንዱ አባይ ማዶ ነው። ግቢው ሰፊ ነው፤ ቁጥሩን የቆረጠው ጠዋት ሥራ ከመግባት በፊት ያለው ሰዓት ነው። አንድ ሰው በአንድ ሰዓት ሁለት ውሻ አብልቶ፣ ጠርጎ፣ ዓይን ጆሮውን አይቶ፣ መዝግቦ ይወጣል። ሦስተኛ ሲጨመር መጀመሪያ የሚዘለለው ሰገራ ማየት ነው፤ የቡችላ በሽታ ደግሞ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚታየው እዚያ ነው። ሰባተኛ ውሻ ሲመጣ እዚያው ባለበት ሠፈር እንረዳዋለን፦ ምግብ፣ የወስፋት መድኃኒት፣ ክትባት፣ ዓይኑን የማይነቅልለት አንድ ጎረቤት።

ክረምቱ ሳይገባ ማለቅ ያለበት ሥራ የመለያ ክፍሉ ነው። አዲስ የመጣ ውሻ 14 ቀን ለብቻው የሚቆይበት ክፍል ከሌለ አንዱን አድናለሁ ብሎ አምስቱን መግደል ይመጣል። ይህን ደጋግመን እንጽፈዋለን።

ሰኔ 2

የመለያ ክፍሉ ወለል ተሞላ። ስፋቱ 2 በ3 ሜትር። መሬቱ ዋልካ ስለሆነ ውሃ ይይዛል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። 25 ሳንቲ ሜትር ተቆፍሮ ወጣ፤ 20 ሳንቲ ሜትር የድንጋይ ሶሊንግ ተደለደለ፤ ላዩ ላይ 8 ሳንቲ ሜትር ኮንክሪት፣ አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ ሁለት አሸዋ፣ አራት ጠጠር። ለዚህ ስፋት 3 ከረጢት ተኩል ሲሚንቶ በቃ። ተዳፋቱ በአንድ ሜትር 2 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ 6 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል።

ስህተቱም እዚሁ ነበር፦ ሠራተኛው ተዳፋቱን ወደ በሩ ጣለው። ውሃ ሲደፋበት ደፉ ላይ ቆመ፤ የሚገባ ሰው ሁሉ እየረገጠ ሊወጣ ነው። ኮንክሪቱ ገና እርጥብ ስለነበር ተገልጦ ወደ ኋላ ግድግዳ ተገለበጠ። ቀዳዳው 10 ሳንቲ ሜትር ነው፣ በሽቦ ወንፊት ተሸፈነ። ፍሳሹ የሚሄደው ወደ ራሱ ጉድጓድ ነው፤ የመንገዱ ቦይ መጨረሻው ጣና ስለሆነ ወደዚያ አንለቅም። ወለሉ 7 ቀን ውሃ እየጠጣ ይቆያል።

ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። የሐምሌ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ፈሪ ውሻ ግድግዳ ይቧጥጣል፤ ከሥሩ የማዳበሪያ ኮርኒስ ተወጠረ። ድምፁን አያጠፋውም፣ ይሰብረዋል።

ለመኝታ ጭድ ተሞክሮ ተትቷል፤ በክረምት ይሻግታል፣ ቁንጫ ይደብቃል። የደረቀ የደንገል ምንጣፍ ላይ የታጠበ ጆንያ ይሻላል። ደንገሉ ቀላል ነው፣ ከሲሚንቶው ቅዝቃዜ ይለያል፤ ሽንት ጠጥቶ ሲጠቁር ግን አይታጠብም፣ ይቃጠላል።

ሰኔ 11

የአያያዝ ሕግ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ።

ድምፁ የተለወጠ፣ ለሃጩ የሚዝረከረክ፣ መንጋጋው የወደቀ፣ እንጨትና ድንጋይ የሚነክስ፣ ወይም ድንገት ከልክ በላይ የተግባባ የማይታወቅ ውሻ አይነካም። ልጆች እንዲርቁ ይደረጋል፤ ለቀበሌና ለእንስሳት ሐኪም ይነገራል። ውሻ የሚይዝ ሰው አስቀድሞ ራሱ የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት የወሰደ መሆን አለበት።

የተነከሰ ወይም የተቧጨረ ሰው ቁስሉን በሚፈስ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ያጥባል። በሰዓት ነው፣ በግምት አይደለም። በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይሄዳል። ቁስሉ ላይ ቡና፣ ዝንጅብል፣ ቅጠል አይደረግም። ጠበል የሚሄድም ሰው ክትባቱን ያስቀድም፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚመልሰው መድኃኒት የለም። የነከሰው ውሻ ባለቤት ካለው 10 ቀን ታስሮ ይታያል።

ብዙ ሰው የሚያምታታው ነገር አለ። የ14 ቀኑ መለያ ለፓርቮ (ቡችላ የሚገድል የአንጀት ቫይረስ) እና ለተቅማጥ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ በውሻ ገላ ውስጥ ሳይታይ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ 14 ቀን ደህና ሆነ ማለት ከዚህ በሽታ ነጻ ነው ማለት አይደለም፤ ለዚያ ያለው መፍትሔ ክትባት ብቻ ነው።

ለአፍ ማሰሪያ 1 ሜትር ርዝመት፣ 5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው የቁስል ፋሻ ይበቃል። አፍንጫው ላይ አንድ ዙር፣ ከአገጭ በታች ቋጠሮ፣ ከጆሮ ኋላ ማሰር። ለሚያስመልሰው ወይም አፉን ከፍቶ ለሚያለከልክ ውሻ አይታሰርም፣ ይታፈናል።

ሰኔ 20

ሁለት እከካም ውሾች ገቡ። ጸጉር የለም፣ የጆሮ ጫፍ ቅርፊት፣ ክርን የተላጠ። የሚይዛቸው ሰው ክንዱ ላይ ማሳከክ ስለሚጀምረው ረጅም እጅጌና ጓንት።

በየእንስሳት መድኃኒት ቤቱ ያለው የእከክ መድኃኒት፣ አይቨርመክቲን፣ የ1 በመቶ መርፌ ነው፤ በ1 ሚሊ ሊትር ውስጥ 10 ሚሊ ግራም። ሐኪሙ ያዘዘው በኪሎ 0.3 ሚሊ ግራም፣ ከቆዳ ሥር፣ በየ14 ቀኑ፣ ሦስት ጊዜ። ለ12 ኪሎ ውሻ 0.36 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። አደጋው እዚህ ላይ ነው፦ ዕቃው የተሠራው ለከብት ስለሆነ የሚሸጠው ሰው በ10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ይሰጣል፤ «ትንሽ ነው» ብሎ 1 ሚሊ ሊትር የወጋ ሰው ለ5 ኪሎ ቡችላ የሰባት እጥፍ መጠን ገደማ ሰጠ። ቡችላው ይንቀጠቀጣል፣ ዓይኑ ያያል አይባልም፣ ይወድቃል። የኢንሱሊን ዓይነት የ1 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ብቻ። ከ12 ሳምንት በታች ላለ ቡችላ በራስ ውሳኔ አይሰጥም። ክብደት የሚለካው ውሻውን አቅፎ የሰው ሚዛን ላይ በመቆም ነው፤ ከዚያ የራስን መቀነስ።

ለመዥገር 12.5 በመቶ አሚትራዝ፣ በ1 ሊትር ውሃ 2 ሚሊ ሊትር። ዓይን ላይ ቅባት ይደረጋል፣ ከታጠበ በኋላ አይለቀለቅም። የተረፈው ውሃ ጉድጓድ ውስጥ ይደፋል፤ ዓሣ ይገድላል፣ ወደ ሐይቁ መሄድ የለበትም። ለጋሪ ፈረስም አይሰጥ፤ የፈረስ አንጀት ያቆማል።

ውሻ ሐይቁ ዳር ወስዶ ማጠብ ይቅር። ጣና ዳር ቢልሃርዚያ አለ፤ ጉልበቱ ድረስ ገብቶ የሚያጥበው ሰው ነው የሚያዘው።

ሐምሌ 2

ምግብ። የሐዋርያት ጾም ስለሆነ ሉካንዳው እስከ ሐምሌ 5 ዝግ ነው፤ ቅንጥብጣቢ የለም። ዓሣ ግን አለ።

የ15 ኪሎ ውሻ የቀን ድርሻ፦ 130 ግራም ደረቅ ሩዝ (የፎገራ ድቃቂ ሩዝ ርካሽ ነው፣ ለውሻ ምንም አያንሰውም)፣ 250 ግራም የተቀቀለና አጥንቱ የወጣ ዓሣ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የደቀቀ የእንቁላል ቅርፊት። ይህ 850 ኪሎ ካሎሪ አካባቢ ነው። ለስድስት ውሻ 800 ግራም ሩዝ፣ 1.5 ኪሎ የጸዳ ዓሣ። ጭንቅላትና አከርካሪ ብቻ ከሆነ የሚበላው ከግማሽ በታች ስለሚሆን 4 ኪሎ ይገዛል።

አሠራሩ ትዕግሥት ይጠይቃል። ጭንቅላቱ 30 ደቂቃ ይፈላል፣ በወንፊት ይጠለላል፣ ሰፊ ሰፌድ ላይ ይዘረጋል። ከዚያ በጣት ነው፤ ማንኪያ አያገኘውም። የቀረሶ ጉንጭ ሥር የተደበቀ ነጭ ሥጋ አለ፣ በአውራ ጣት ሲገፋ ሙሉውን ይወጣል። የጀርባው እሾህ በመርፌ ልክ ስለሆነ ከሥሩ ተይዞ ወደ ኋላ ይነቀላል። የአምባዛ ግን ከሁሉ ይከፋል፦ ከጭንቅላቱ ጎን በግራና በቀኝ አንድ አንድ ጠንካራ እሾህ አለ፣ ጠርዙ እንደ መጋዝ ነው፣ በመቀቀል አይለሰልስም። የአምባዛ ጭንቅላት ሲገዛ መጀመሪያ እነዚያ ሁለቱ ይቆጠራሉ። ስድስት ጭንቅላት ከገባ 12 እሾህ ሰፌዱ ዳር ተደርድሮ መታየት አለበት። 11 ከሆነ ድስቱ እንደገና ይበረበራል። መረቁ አይደፋም፣ ሩዙ የሚበስለው በሱ ነው።

ጥሬ ዓሣ አይሰጥም፤ ትል ያስተላልፋል። ሉካንዳው ሲከፈት ደግሞ ጥሬ ጉበትና ሳንባ በተለይ አይሰጥም። ውሃ የቋጠረ ጉበት የበላ ውሻ ውስጥ የሚያድገው ትንሽ ኮሶ ትል እንቁላሉ ከሰገራው ወደ ልጆች እጅ ይሄዳል፣ ሰው ጉበት ውስጥ ኪስ ይሠራል። በዓል ላይ በየቤቱ ሲታረድ ያንን ቁራጭ ለውሻ የሚወረውር ሰው ሁሉ ይህን ቢያውቅ ምኞታችን ነው። የሚገባው መቀቀል ወይም መቅበር ነው።

የወጥ ትራፊም አንቀበልም። ሰው በደግነት ያመጣል፣ መመለስ ይከብዳል። ነገር ግን ወጥ ማለት ሽንኩርት ማለት ነው፤ በኪሎ ከ15 እስከ 30 ግራም ሽንኩርት የውሻ ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል፣ በርበሬ ቢወጣለትም፣ ቢበስልም። የ10 ኪሎ ውሻ ለመመረዝ ሁለት መካከለኛ ራስ ሽንኩርት ይበቃዋል። ድድ ሲገረጣ፣ ሽንት ሲጠቁር ይታያል፤ ያም ከቀናት በኋላ ነው። ደረቅ እንጀራ የሚያመጣ ሰው ግን ይመስገን።

ሐምሌ 18

አምስት ቡችሎች በማዳበሪያ ተቋጥረው ሐይቅ ዳር ተገኙ። ዓይናቸው ገና መከፈቱ ነው፣ ስለዚህ ሁለት ሳምንት ገደማ። ሚዛን፦ 620፣ 600፣ 590፣ 560፣ 480 ግራም። አራቱ ሴት ናቸው፤ የሚጣለው ሴት ነው፣ ሁሌም።

ሲገቡ ቀዝቅዘው ነበር። የቀዘቀዘ ቡችላ አይጠባም፣ አይመገብም፤ ሆዱ አይሠራም፣ ወተቱ ሳንባ ይገባል። መጀመሪያ ሙቀት። ባለ 2 ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ እጅ የሚችለው ሙቅ ውሃ፣ በፎጣ ተጠቅልሎ፣ ካርቶኑ ግማሽ ላይ ብቻ። ግማሹ ቀዝቃዛ ይቀራል፣ የሞቀው እንዲሸሽ። በየ3 ሰዓቱ ይቀየራል። በዚህ ዕድሜ ካርቶኑ ውስጥ ከ27 እስከ 29 ዲግሪ ያስፈልጋል።

ወተት፦ 250 ሚሊ ሊትር የፈላ የላም ወተት፣ አንድ የእንቁላል አስኳል፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት። ለብ ሲል። ስኳር አይገባም። በቀን በ100 ግራም ክብደት 20 ሚሊ ሊትር፤ ለ600 ግራሙ 120 ሚሊ ሊትር፣ በ6 ተከፍሎ። መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ወይም በሕፃን ጡጦ፣ በሆዱ ተኝቶ አንገቱ ትንሽ ቀና ብሎ፤ እንደ ሕፃን በጀርባ ከተያዘ ይታነቃል። ከበላ በኋላ በረጠበ ጥጥ ሥሩ ይታበሳል፣ ይሸናል፣ እስከ ሦስተኛ ሳምንት። በየቀኑ በወጥ ቤት ሚዛን ይለካል፤ ያልጨመረ ቀን ከዋለ ያ ቀን ማንቂያ ነው።

የወስፋት መድኃኒት ፓይራንቴል፣ በኪሎ 5 ሚሊ ግራም፣ ዛሬ እና በየ2 ሳምንቱ። ሆዱ የተነፋ ቡችላ የጠገበ ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ ወስፋት ነው።

ሐምሌ 26

480 ግራሙ 655 ሆነ።

ነሐሴ 5

ፓርቮ።

ምክንያቱ ተጣርቷል። ነሐሴ 1 ላይ የመለያ ክፍሉ በአምስቱ ቡችሎች ተይዞ ሳለ የሁለት ወር ቡችላ ከገበያ መጣ፤ «ለሁለት ቀን ብቻ» ተብሎ ማዕድ ቤቱ በረንዳ ላይ ተቀመጠ። የቁጥር ሕጉ የተጣሰው ያን ጊዜ ነው። የሱ ሳህንና የነሱ ሳህን በአንድ ሳፋ ታጠበ። በ3ኛው ቀን እሱ ማስመለስ ጀመረ፣ ዛሬ ከአምስቱ ሁለቱ ምግብ እምቢ አሉ። በሽታው ከተላለፈ በኋላ ለመታየት ከ3 እስከ 7 ቀን ይበቃዋል፤ ቀኑ ገጥሟል።

የሚታየው ቅደም ተከተል፦ ዝም ማለት፣ ምግብ መተው፣ ማስመለስ፣ በማግሥቱ ደም የቀላቀለ በጣም የሚሸት ተቅማጥ። የሚገድለው ድርቀት ነው። የአንገት ቆዳ ተቆንጥጦ ሲለቀቅ ቶሎ ካልተመለሰ ድርቀት አለ። ለምለም የሚባለው ኦአርኤስ አንድ ከረጢት በ1 ሊትር ውሃ፣ በየ15 ደቂቃው 5 ሚሊ ሊትር፣ የሚይዝ ከሆነ ብቻ። የሚያስመልሰው በአፍ አይዳንም፤ ሐኪሙ ሪንገር ላክቴት የሚባል ፈሳሽ ከቆዳ ሥር ወይም በደም ሥር ይሰጣል፣ ማስመለሱን የሚያቆም መድኃኒትና ፀረ ባክቴሪያ ይጨምራል። ሪንገሩ በገላ ሙቀት ልክ ይሞቃል፤ ቀዝቃዛው የደከመውን ይጨርሰዋል።

ነሐሴ 9

የገበያው ቡችላና አንዷ ሴት ሞቱ። ሌላዋ ዛሬ ጠዋት ሩዝ በመረቅ ላሰች። ሦስቱ አልታመሙም።

ጽዳት። ቫይረሱ ቤት ውስጥ ወራት ይቆያል፣ ሳሙናና አልኮል አይነካውም። በረኪና ይገድለዋል፦ አንድ እጅ በረኪና ለ30 እጅ ውሃ፣ በ10 ሊትር ባልዲ 330 ሚሊ ሊትር፣ 10 ደቂቃ እርጥብ ሆኖ። መጀመሪያ ሰገራው ተጠርጎ በሳሙና ይታጠባል፤ በረኪና ቆሻሻ ላይ ጉልበቱ ያልቃል። ሽንት ባለበት ላይ አይደፋም፣ የሚወጣው ጋዝ ደረት ያቃጥላል። ፀሐይ ላይ የቆየ በረኪና ውሃ ነው ማለት ይቻላል፤ በትንሽ በትንሹ ይገዛል፣ በየቀኑ አዲስ ይበጠበጣል። ጆንያው፣ ደንገሉ፣ ካርቶኑ ተቃጠለ።

የግቢው አፈር ግን በበረኪና አይጸዳም። ያ ጥግ በቆርቆሮ ታጠረ፤ ያልተከተበ ቡችላ አንድ ዓመት እዚያ አይረግጥም።

የተጨመረ ሕግ፦ የመለያ ክፍሉ ሳህኖች በቀይ የጥፍር ቀለም ምልክት ተደረገባቸው፣ ሳፋቸው የራሳቸው ነው። አንድ ቦቲ ጫማ በሩ ላይ ይቀራል። ጠዋት ጤነኞቹ ቀድመው ይሠራሉ፣ መለያ ክፍሉ መጨረሻ። ክፍሉ ከተያዘ ማንም አይገባም፣ ለሁለት ቀንም፣ ለአንድ ሌሊትም።

ነሐሴ 12

የቡሄ ዋዜማ። ልጆች ጅራፍ ማጮኽ ከጀመሩ ሰንብተዋል፤ ለፈሪ ውሻ ጅራፍና ጥይት አንድ ነው። ከ11 ሰዓት በኋላ ሁሉም ቤት ውስጥ፣ ሬድዮ ተከፍቶ። በር የሚከፍት ሰው አስቀድሞ ያንኳኳል። አንገት ማሰሪያው ላይ በማይለቅ ቀለም ስልክ ቁጥር ተጽፏል፤ ማሰሪያው ሁለት ጣት ያስገባል፣ ሦስት ካስገባ ራሱን ያወጣል።

ጳጉሜን 2

ሁለት ሴት ውሾች መከኑ። ለቀዶ ሕክምናው ትልቅ ውሻ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ምግብ አይበላም። ከ4 ወር በታች ያለ ቡችላ ግን 4 ሰዓት ብቻ፤ ከዚያ በላይ ከቆየ ስኳሩ ይወርዳል። ወንድ በምትፈልግበት ሰሞን አይሠራም፣ ደም ይበዛል፤ ካለፈ ከ2 እስከ 3 ወር ይጠበቃል።

ሦስተኛዋ «ደም ታያለች» ተብላ የመጣች ነበረች። ደሙ ከሦስት ሳምንት በላይ ከቆየና እንደ አበባ ጎመን ያለ እብጠት ካለ የፍላጎት ወቅት አይደለም፤ በመገናኘት የሚተላለፍ ዕጢ ነው። የሐኪም መድኃኒት አለው፣ ብዙ ጊዜ ይድናል። እስኪድን ከወንድ ትለያለች።

ስፌቱን እንዳትልስ የአንገት መከለያ፦ ባለ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካን፣ አፉና ቂጡ ተቆርጦ፣ በአንድ ጎን በቁመቱ ተሰንጥቆ። ርዝመቱ ከአንገት ማሰሪያ እስከ አፍንጫ ጫፍ ሲደመር 3 ሳንቲ ሜትር። በሞቀ ምስማር በአንገቱ በኩል 6 ቀዳዳ፣ በጨርቅ ገመድ ከማሰሪያው ጋር ይያያዛል። የተቆረጠው ጠርዝ አንገት ይቆርጣል፤ የብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ በቁመቱ ተሰንጥቆ ጠርዙን ይለብሳል። ባሕር ዳር ውስጥ ይህ ላስቲክ በየጎሚስታው በነጻ ይገኛል። ከ10 እስከ 14 ቀን አይወልቅም፣ ሲበሉም።

መስከረም 18

የክትባት ቀን። የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን ስለሆነና መስቀል ስላለፈ ሰው ቤቱ አለ።

ሐኪሙ ያመጣው ብልቃጥ የ10 ውሻ ነው፤ ከተከፈተ በዚያው ቀን ማለቅ አለበት። ስለዚህ የኛ ስድስት ብቻ አይሆኑም፤ የጎረቤት ውሾች ተጠሩ። ሁለት ብልቃጥ፣ 20 መጠን። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቆያል፤ መብራት ስለሚጠፋ የበረዶ ሳጥን ውስጥ፣ ግን በረዶውን ሳይነካ፣ መካከሉ ፎጣ ገብቶ። ክትባቱ መቀዝቀዝ እንጂ በረዶ መሆን የለበትም፤ በረዶ የሆነ ይጣላል። 1 ሚሊ ሊትር፣ ከትከሻ ላይ ከቆዳ ሥር፣ ከ3 ወር በላይ ለሆነ። ከዓመት በኋላ ይደገማል። በአንድ ሠፈር ካሉ ውሾች 70 በመቶው ከተከተበ የበሽታው ሰንሰለት እንደሚበጠስ ይታወቃል፤ የጎረቤት ውሻ መከተብ የራስን መከተብ ነው።

17 መጡ፣ 3 መጠን ባከነ። በሚቀጥለው ዓመት በዋዜማው ስልክ ይደወላል፣ ተጠባባቂ 5 ስም ይያዛል።

ጥቅምት 3

ለአሳዳጊ መስጠት። አራቱ ቡችሎች ሦስት ወር ሞልቷቸዋል፤ ከመስከረም መጨረሻ በኋላ ተከትበዋል። ጠያቂው ሁሉ ወንድ ነው የሚፈልገው፣ «ሴት ታረባብናለች» ብሎ። በ6 ወሯ የማምከኑን ወጪ እኛ እንደምንችል ቅጹ ላይ ተጻፈ፤ ሁለቱ ሴቶች በዚህ ሄዱ።

ግቢው ሳይታይ አይሰጥም። የሚታየው፦ ከአጥር ሥር የቡችላ ጭንቅላት የሚያስወጣ ክፍተት፣ ከዝናብና ከፀሐይ የሚጠለልበት ቦታ፣ ሰንሰለቱ የት እንደሚታሰር። ቀን ታስሮ ማታ የሚፈታ ውሻ ካለ ሰንሰለቱ ቢያንስ 3 ሜትር፣ ውሃው የሚደርስበት ቦታ። ተከራይ ከሆነ አከራዩ በአካል ቀርቦ እሺ ይበል፤ በኛ መዝገብ ለተመለሰ ውሻ ቀዳሚው ምክንያት «አከራዩ አልፈለገም» ነው። ሌላው ምክንያት ጥበቃ ነው፦ የሦስት ወር ቡችላ ሌባ አያባርርም፤ ከዓመት በፊት ይህን የሚጠብቅ ሰው አስቀድሞ ይነገረው።

ከውሻው ጋር የሚሄደው፦ የክትባት ካርድ፣ ገመድ፣ የተኛበት ጆንያ (ሽታው ያረጋጋዋል)፣ የ3 ቀን ሩዝና የምግቡ መጠን በወረቀት። የመጀመሪያዎቹ 14 ቀን በር ሳይዘጋ አይፈታም፤ የሚጠፋ ውሻ ብዙ ጊዜ የሚጠፋው በነዚህ ቀናት ወደለመደው ምግብ ሲመለስ ነው። በ3ኛው፣ በ14ኛውና በ60ኛው ቀን እንደውላለን።

ጥቅምት 9

ከበሽታው የተረፈችው ሴት አባይ ማዶ አሳዳጊ አገኘች። ነሐሴ ላይ መረቅ የላሰችው ናት፤ ዛሬ 7.2 ኪሎ መዘነች። ወንዱ ቡችላና የቀረው ትልቅ ውሻ እዚሁ ናቸው።

የመለያ ክፍሉ በሳሙና፣ ከዚያ በበረኪና ታጥቦ ሦስት ቀን በሩ ተከፍቶ ፀሐይ መታው። አዲስ ደንገል ገብቷል። ከተጠባባቂ ዝርዝር ቀጣዩዋ ሽምብጥ ዓሣ መሸጫው አጠገብ ያለችው እግሯ የተሰበረ ውሻ ናት፤ ነገ ጠዋት በባጃጅ ትመጣለች፣ ለብቻዋ።